ባሩድን ማስተኛት

ኖቬምበር 2፣ ቅዳሜ

ዛሬ ቡችላውን አመጣሁት። ከሆልገር እርሻ እስከ ቤታችን ድረስ መኪናው ውስጥ ሲያለቃቅስ መጣ። ደጃፉን ተሻግሮ ሲገባ ግን ሐዘኑን እርግፍ አድርጎ ተወው። ሳሎኑን ዞረ፣ የቶርኪልን የቤት ጫማ ነከሰ፣ ምንጣፉ ላይ ሸና፣ ከዚያ ሥራውን እንዳደንቅለት ቀና ብሎ አየኝ።

ስም ያወጣለት ቶርኪል ነው። ሴፕቴምበር ላይ ቡችሎቹን ልናይ ሆልገር ጋ ስንሄድ ይሄኛው ገና በቅጡ መቆም ሳይችል የቶርኪልን የጫማ ማሰሪያ ይዞ አልለቅም አለ። ቶርኪል እንደዚያ ሲስቅ ካየሁት ቆይቼ ነበር። "ይሄማ ባሩድ ነው" አለ፤ በዚያው ጸና። ብዙም ሳይቆይ አንድ ቀን ቁርስ ላይ ኩባያው ከእጁ ወደቀ። ስትሮክ ነው አሉን። ግራ እግሩ ቀስ በቀስ እየተመለሰ ነው፤ ግራ እጁ ግን እንደተኛ ቀረ።

ኤስበን ከኮፐንሃገን ደወለ። "እማ፣ አሁን? ቡችላ?" አለኝ። ለሆልገር እንወስደዋለን ብለነዋል፣ ያልነውን እናደርጋለን አልኩት። ልጄ አርባ ዓመት ሊሞላው ነው፣ እስካሁን አንድ ድመት እንኳ አላሳደገም፤ ምክር ግን አይሰስትም።

ኖቬምበር 4

አልተኛም። እኔም አልተኛሁም። የሶፋው አንድ እግር ተቆረጣጥሟል። እጄ ላይ የጥርሱ ምልክት አለ። ሲነክሰኝ እጄን እሰበስባለሁ፣ ስሰበስበው ጨዋታ ይመስለዋል።

ኖቬምበር 6፣ ረቡዕ

ቶርኪልን ልጠይቅ ኦደንሴ ሄጄ መጣሁ። ማገገሚያው ውስጥ መስኮት ያለው ክፍል ሰጥተውታል። ወንበሩን በቀኙ በኩል አስጠግቼ ተቀመጥኩ፤ ብርሃኑ በዚያ በኩል ይሻላል።

ስለ ባሩድ ጠየቀኝ። እንደ በግ ግልገል ነው፣ ድምፁም አይሰማ አልኩት። ዓይኔን በጨው አጥቤ። ቶርኪል ዕድሜውን ሙሉ ጀልባ ላይ ሰው ያሻገረ ነው፤ የሚዋሸውን ከሩቅ ያውቃል። ዝም ብሎ ሳቀ።

ነርሷ የቆዳ ቅባት ይዛ መጣች። ግራ እጁ እየደረቀና እየተገተረ ስለሆነ በየቀኑ መታሸት አለበት፣ ላሳይሽ አለችኝ። ሌላ ጊዜ አልኳት፤ ባሩድ ቤት ብቻውን ነው። እውነቴን ነው፣ ብቻውን ነበር።

ኖቬምበር 9

አንድ ብልሃት መጣልኝ። ቤት ውስጥ የሚያምሰኝ ጉልበቱ ስላላለቀ ነው፤ እንግዲያው ላድክመው። ከቁርስ በፊት ባሕር ዳር ወስጄ አስሮጥኩት። ከቁርስ በኋላም። ከምሳ በኋላም ደገምኩ። እኔ ጉልበቴ ሊወልቅ ደርሷል። እሱ ቤት ሲገባ መጋረጃውን ጎትቶ አወረደው።

ጎረቤቴ ቪጎ በአጥሩ ላይ አንገቱን ብቅ አድርጎ "ቦዲል፣ ምንድን ነው እዚያ የምታርጂው?" አለኝ። ውሻ እያሳደግኩ ነው አልኩት። "እሱ እያሳደገሽ ይመስላል" አለና ተመልሶ ገባ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ በሳምንት ከዚህ የበለጠ ሲናገር አልሰማሁም፤ ስለዚህ ነገሩን እንደ ውለታ ቆጠርኩለት።

ኖቬምበር 10

ከትናንቱ የባሰ ሆነ። የሩጫውን ነገር ስለለመደው አሁን ጭራሽ ጉልበት አወጣ።

ኖቬምበር 13፣ ረቡዕ

ለራሴ ልናገረው፦ ቦዲል፣ አንቺ ቂል ነሽ።

ሠላሳ ምናምን ዓመት ሕፃናት ማቆያ ውስጥ ሠራሁ። የስንቱን ሰው ልጅ አስተኝቻለሁ። "ልጄን አድክሜዋለሁ፣ ለምን አይተኛም?" ለሚሉኝ እናቶች ሁሉ የምመልሰው አንድ ነበር፦ ድካሙ ልክ ያለፈበት ልጅ አይተኛም፣ ያብዳል። ያንን ለስንቷ አስተምሬ ለራሴ ሲሆን ጠፋኝ። ይሄ እንስሳ እኮ ሕፃን ነው። ቀኑን ሙሉ መተኛት የሚገባውን ፍጡር ባሕር ዳር ለባሕር ዳር አንከራተትኩት።

ጣሪያ ሥር ወጣሁ። የኤስበን የሕፃን ጋሪ እዚያው አለ፤ ትልልቅ ጎማ ያለው፣ ጥቁር፣ ክዳኑ እስካሁን ያልተቀደደ። አቧራውን ጠረግኩለት፣ የበግ ቆዳ አነጠፍኩ፣ ባሩድን በደረት ማሰሪያው ከውስጥ አሰርኩትና ወደ ጓሮ ገፋሁት፤ እንደ አገሩ ልማድ የማቆያው ልጆች ሁሉ የሚተኙት እንደዚያ ነበር፣ ውጭ፣ ብርዱ ላይ። ፖም ዛፉ ሥር አቆምኩት። ሣሩ ላይ አመዳይ አለ። ጋሪውን ጥቂት አወዛወዝኩት። አንድ ጊዜ ጮኸ፣ አንድ ጊዜ አጉረመረመ፣ ከዚያ ጸጥ።

ክዳኑን ከፍቼ አየሁት። አፍንጫውን ከብርድ ልብሱ አውጥቶ ተኝቷል፤ ትንፋሹ ይታያል። አንጀቴን በላው። እንዲህ አምሮ የሚተኛ ነገር እንዴት የሰው መጋረጃ ያወርዳል?

ኖቬምበር 14

ዛሬም ተኛ። ወለሉን አጠብኩ፣ ሳህኖቹን ሁሉ አውጥቼ መልሼ ደረደርኩ። ዝም ሲል ቤቱ ይሰፋብኛል።

ኖቬምበር 18፣ ሰኞ

ውጭ መልአክ፣ ውስጥ ጉድ። ማታም ጋሪውን ኮሪደር አስገብቼ እዚያው ነው የማስተኛው። ካወጣሁት ግን አለቀ። ቤት ውስጥ ወለል ላይ ዓይኑን ሲከድን አንድ ቀን አላየሁትም።

ሲድሰል ደወለች፤ ማገገሚያው ውስጥ ቶርኪልን የያዘችው ባለሙያ ናት፣ ወጣት ልጅ፣ ድምፅዋ የለሰለሰ። ቶርኪል ቤቱ ለመግባት እየደረሰ ነው አለችኝ። ዲሴምበር መጀመሪያ ላይ ይዛው መጥታ ቤቱን ታያለች፤ በባለ ጎማ መደገፊያው ከደጃፍ እስከ ወንበሩ መድረስ አለበት። አሁን አንዴ ከወደቀ ዳሌው ይሰበራል፣ ከዚያ በኋላ ቤት የሚባል ነገር አይታሰብም አለች። ቤት ውስጥ ምን ምን አለ ብላ ጠየቀችኝ፤ ምንጣፍ፣ ደፍ፣ የቤት እንስሳ። ምንጣፉን አነሳለሁ አልኳት። ውሻ አለን አልኳት፣ ትንሽ፣ ረጋ ያለ።

ረጋ ያለ! ስልኩን ስዘጋ የተረጋጋው ውሻ ጓንቴን በልቶ ጨርሷል።

ኖቬምበር 20

ከቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ተዋስኩ። አንዲት ትንሽ ምንጣፍ አንጥፉ፣ ውሻው እሷ ላይ ሲተኛ ብቻ ይሸለም ይላል። አነጠፍኩ። ጉበት ቆራረጥኩለት። ምንጣፏ ላይ ወጣ፣ ተኛ፣ ጉበቱን በላ። ለድስቱ ተነሣሁ፣ ተነሣ። ተቀመጥኩ፣ ተኛ። ለስልኩ ተነሣሁ፣ ተነሣ። መስኮቱን ልዝጋ ስል ተነሣ። ይሄ ውሻ አንድ ቦታ መቀመጥ አያውቅም።

ኖቬምበር 24፣ እሑድ

ኤስበን ከትናንት ጀምሮ እዚህ ነበር። አባቱን ጠየቀ፣ የመታጠቢያ ቤቱን መያዣ ብረት ተከለ፣ ባሩድ የካልሲውን ተረከዝ ቀደደበት። መልካም ልጅ ነው። ግን ሲሄድ እጅጌዬን ይዞ፣ "እማ፣ ይሄ ነገር አባዬን ይጥለዋል" አለኝ። ሆልገር እስከ ገና ድረስ ካመጣችሁት እቀበላለሁ ብሎታል። ለካ ሳይነግረኝ ደውሎለታል።

አረጋጋዋለሁ አልኩት።

"አንቺ?" አለኝ ኤስበን። "አንቺ እኮ ሾርባሽን እንኳ ቆመሽ ነው የጠጣሽው።"

ታዲያ ሥራውን ማን ይሥራልኝ? አልኩት።

ኖቬምበር 27፣ ረቡዕ

ጉድ ነው የዛሬው።

ጠዋት ስነሣ ቪጎ ባንዲራውን ሰቅሏል። የማን ልደት ይሆን ብዬ ሳስብ ሱቅ ሄድኩ። ባለ ሱቋ ከሒሳብ መቀበያው ወጥታ አቀፈችኝ፤ እንኳን ደስ አለሽ አለችኝ። ቶርኪል እግሩ እየተመለሰ መሆኑን ሰምታ ነው ብዬ አመሰገንኳት። ወንድ ነው ሴት? አለችኝ። ስለ ቡችላው መሆኑ ነው ብዬ፣ ወንድ አልኳት። ስሙስ? ባሩድ። ፊቷ ላይ አንድ ነገር አለፈ። እንግዲህ የዛሬ ወጣቶች ስም ሲያወጡ ማንንም አይሰሙም አለችኝ።

ቤቴ ስደርስ ቪጎ በር ላይ ቆሟል፣ አንድ ጠርሙስ መጠጥ በእጁ። "ለአያትየው" አለ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ጩኸቱ ጠፋ፣ ጓሮ ውስጥ የሕፃን ጋሪ ታየ፤ ስለዚህ ውሻው ተሰጥቶ የልጅ ልጅ መጣ ብሎ ደመደመ። ገብቶ እንዳያይ ደግሞ የተኛ ሕፃን ማን ይቀሰቅሳል? በጓሮው በኩል ሲያልፍ እንኳ ጫማውን እያቀለለ ኖሯል፣ ምስኪን።

ልነግረው አፌን ስከፍት ባሩድ ከጋሪው ውስጥ ጮኸ። ቪጎ ጋሪውን አየ፣ እኔን አየ፣ ባንዲራውን አየ። "ባንዲራው ወጥቷል እንግዲህ፣ እስኪጨልም ይቆይ" አለና ጠርሙሱን አስጨብጦኝ ሄደ።

ማታ ኤስበን ደወለ፤ አክስቱ ወሬው ደርሷት ለምን ደበቅከን ብላ ስትወቅሰው ነበር። "እናትየውን ካገኘሻት አስተዋውቂኝ" አለኝ ልጄ።

ኖቬምበር 28

የባንዲራውን ነገር ለቶርኪል ነገርኩት። ሳቀ። በግማሽ አፉ፣ ግን ከሆዱ ሳቀ። ነርሶቹ ምን ሆነ ብለው መጡ። እኔም አብሬው ሳቅኩ። ከዚያ ሳቁ ሳይቆም ለቅሶ ሆነ። ከስትሮክ በኋላ እንዲህ ያደርጋል፣ ምንም አይደለም ብለውኛል። ግራ እጁ አልጋው ላይ ወደ እኔ በኩል ተዘርግቶ ነበር፣ መዳፉ ወደ ላይ።

ባሩድ ብቻውን ስለነበር ቶሎ ወጣሁ።

ዲሴምበር 1

ከገና በፊት ካሉት አራት እሑዶች የመጀመሪያው። የመጀመሪያውን ሻማ ብቻዬን አበራሁ። ባሩድ የጥዱን አክሊል ከነሻማው ከጠረጴዛ ላይ ሊያወርደው ነበር። በአንድ እጄ ሻማውን፣ በሌላው ውሻውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ፤ በዚህ ሁኔታ የምጠራውም ሰው የለኝም።

ዲሴምበር 4

ሲድሰልና ቶርኪል ነገ ይመጣሉ። ሽርሽር፣ ምግብ፣ ከዚያ ጋሪው። እነሱ ቤቱን እያዩ እሱ ይተኛል። ማታለል አይደለም። ተኝቶ ያለ ውሻ የተረጋጋ ውሻ ነው።

ዲሴምበር 5፣ ሐሙስ

መጥተው ሄዱ።

ሁሉም ነገር እንዳሰብኩት ጀመረ። ሲድሰል በጓሮ በኩል ስትገባ ጋሪውን አይታ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች፤ ከዚያ በኋላ የተናገረችው ሁሉ በሹክሹክታ ነበር። ደፉን፣ መያዣውን፣ የሽንት ቤቱን ወንበር በሹክሹክታ አደነቀች። እኔም በሹክሹክታ አመሰገንኳት። ቶርኪል በመደገፊያው ደጃፍ ላይ ደረሰ። ኮቱን ለብሷል፣ ተላጭቷል፣ የራሱን ቤት እንደ እንግዳ ቆሞ ያያል። ውሻውስ? አለች ሲድሰል። ውጭ ተኝቷል አልኳት። የት? ብላ ወደ ጓሮው አየች።

የባሩድን የደረት ማሰሪያ ያለ ልክ አላልቼው ኖሯል። የቶርኪልን ድምፅ ሰማ መሰለኝ። ከጋሪው ዘሎ በተከፈተው በር ገባና በመደገፊያው ጎማዎች መሃል ተወረወረ። ቶርኪል ወደ ግራ አዘነበለ። ግራ እጁ ምንም አልያዘለትም። ሲድሰል በቀበቶው ጨብጣ ባታቆመው ኖሮ ወድቆ ነበር። እኔ ቆሜ አየሁ። ወደ ግራ ጎኑ መሄድ ነበረብኝ፤ ቅርብ ነበርኩ፣ ግን አልሄድኩም።

ሲድሰል አልተቆጣችም፤ ያ ነው የባሰው። ቶርኪልን አስቀመጠችው፣ ውሃ ሰጠችው። ከዚያ በተለመደው ድምፅዋ፣ "ወይ እሱ ወይ ውሻው" አለች። "ሁለቱን አንድ ቤት ውስጥ አላስገባም።"

መኪና ውስጥ ሲያስገቡት ቶርኪል መስኮቱን ዝቅ አደረገ። "መልሺው ቦዲል" አለኝ። "እኔ ቤቴ መግባት እፈልጋለሁ።"

ባሩድ ከአጥሩ ሥር መኪናው እስኪጠፋ ጅራቱን ሲወዘውዝ ነበር።

ዲሴምበር 6

ሆልገርን ደወልኩለት። ይቀበለዋል። ጥሩ ነው።

ዲሴምበር 10

ኤስበን ሁሉንም አስተካክሏል። ሃያ አንድ ላይ አባቱን ከኦደንሴ ያመጣዋል፣ በዚያው መኪና ባሩድን ይዞ ሆልገር ጋ ያደርሰዋል። አንድ ጉዞ። እርሻ ላይ ሰፊ ቦታ አለ፣ ወንድሞቹም እዚያ አሉ። ለእሱ ጥሩ ነው። ለቶርኪልም ጥሩ ነው። ለእኔም እረፍት ነው። ለሁሉም ጥሩ ነው።

ምንጣፏን አጥፌ ሳጥን ውስጥ ከተትኳት። ባሩድ አወጣት። እንደገና አጠፍኳት፣ እንደገና አወጣት። በመጨረሻ ወለሉ ላይ ከሱ ጋር ተቀምጬ ጎትቼ ጎትቼ አለቀስኩ። ምንጣፍ ስንጎታተት የሚያየን ቢኖር አብደዋል ይለን ነበር።

ዲሴምበር 14

ቶርኪል ዘንድ ነበርኩ። ስለ ውሻው አላወራንም። ስለ መታጠቢያ ቤቱ አወራን።

ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ሁለት ነርሶች በሩን ሳይዘጉ ይነጋገራሉ። አንዷ፣ "ሚስትየው እጁን አንድ ቀን አልነካችለትም" ስትል ሰማሁ። ስለ ሌላ ሰው መሆን አለበት። እዚያ ብዙ በሽተኛ አለ።

ዲሴምበር 15

ሦስተኛው ሻማ። ባሩድ እጄን ነከሰኝ፤ እኔም ዝም ብዬ አልጮህኩበትም። ስድስት ቀን ቀርቶታል፣ ይንከስ።

ዲሴምበር 19

ቪጎ ስለ ውሻው መሄድ ሰምቷል። በአጥሩ በኩል መጣና ጓንቱን ሲያወልቅ ሲያጠልቅ ቆየ። ሲጮህ ቢያንስ ሰው እንዳለ አውቅ ነበር አለኝ።

ዲሴምበር 21፣ ቅዳሜ

ባሩድ አልሄደም። ዛሬ መጻፍ አልችልም። ቶርኪል ቤቱ ነው።

ዲሴምበር 23፣ ሰኞ

ሲድሰል ዛሬ ተስማማች። ኤስበን ነው የደወለላት፤ የነገራትንም አጠገቡ ሆኜ ሰማሁ። ቶርኪል ሲቆም ባሩድ ይታሰራል፣ ቶርኪል ሲቀመጥ ባሩድ ይፈታል። ጃንዋሪ ላይ መጥታ በዓይኗ ታያለች፤ እስከዚያ ድረስ አንድ ስህተት ካለ በዚያው ያበቃል። ይገባታል፣ እኔም ይገባኛል። አሁን የቅዳሜውን ልጻፍ፤ አለዚያ ይጠፋብኛል።

ቶርኪልን ይዞት የመጣው ኤስበን ነው። ባሩድን ወጥ ቤት ጠረጴዛ እግር ላይ አስሬው ነበር። ለቅሶው ጆሮ ይበሳል። ቶርኪል በቀስታ፣ እየተነፈሰ፣ ከደጃፍ እስከ ወንበሩ ደረሰ። ሲቀመጥ ግንባሩን አላበው። የሩዝ ገንፎ ምድጃ ላይ ነበር፤ ለገና ሰሞን ከገንፎ ሌላ አይወድም። መሃሉ ላይ ቅቤ አኑሬ የቅቤ ዓይን ልሠራለት ስል፣ "ቡችላውን አምጡልኝ" አለ ከሳሎን። "የመረጥኩት እኔ ነኝ፣ የምሸኘውም እኔ ነኝ።"

ይዘልብሃል አልኩት። ወንበር ላይ ነኝ፣ ወዴት እወድቃለሁ? አለኝ። ኤስበን ባሩድን አንሥቶ ጭኑ ላይ አደረገለት። ወዲያው የቶርኪልን እጅጌ ያዘ፣ ከዚያ አውራ ጣቱን፣ ከዚያ የኮቱን ቁልፍ። ቶርኪል ቀኝ እጁን እየነጠቀ ይስቃል፣ እሱ የበለጠ ይዘላል። አላየሁም። ገንፎው ሊያር ነው ብዬ ወጥ ቤት ተመለስኩ። ብርድ ልብሱን፣ ሳህኑን፣ ምንጣፏን ሳጥን ውስጥ ከተትኩ። ኤስበን የመኪናውን ወንበር ሊያለብስ ወጣ።

ከዚያ ሳሎኑ ጸጥ አለ።

ያ ኩባያ ከወደቀበት ቀን ወዲህ በዚህ ቤት ጸጥታ ሲወርድ እኔ እሮጣለሁ። ማማሰያውን ይዤ ሮጥኩ። ገንፎ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። ሳሎን በር ላይ ደርሼ ቆምኩ።

ቶርኪል ወንበሩ ላይ ነው፤ ዓይኑ ክፍት ነው፤ ያየኛል። ባሩድ ጭኑ ላይ ተዘርግቷል። ጀርባው ላይ የቶርኪል ግራ እጅ አለ።

"ቀኙን እየበላብኝ ስለሆነ ግራውን ሰጠሁት" አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። እንደነገረኝ፣ በቀኙ አንሥቶ ጀርባው ላይ አስቀመጠለት። ባሩድ ዞሮ ነከሰው። እጁ አልተሰበሰበም። ደግሞ ነከሰው። እጁ ምንም አላለም። አሸተተው፣ ላሰው፣ ትንሽ ጠበቀው። ከዚያ በአፍንጫው ረጅም ትንፋሽ አውጥቶ አገጩን የቶርኪል ጉልበት ላይ ጣለ። "አይጫወትም ይሄ እጅ" አለ ቶርኪል። "ሰለቸውና ተኛ።"

እኔ እኮ የማቆያውን ሕፃናት ሁሉ ሳስተኛ እጄ መቼ ዐርፎ ያውቃል? መታ መታ አደርጋለሁ፣ አወዛውዛለሁ፣ ብርድ ልብስ አስተካክላለሁ፣ እንደገና አስተካክላለሁ። ሰባት ሳምንት ሙሉ ባሩድን በሁለት ጤነኛ እጆች ሳረጋጋው ኖርኩ፤ ምንም የማያደርግ እጅ እንደሚያስፈልገው የማውቅበት ምክንያት አልነበረኝም። ቶርኪልም አላወቀም። ያንን እጅ ከብርድ ልብስ ሥር ደብቆት ነበር የከረመው፤ ሰው ሲመጣ ያፍርበታል።

ኤስበን በረዶውን ከጫማው እያራገፈ ገባ። ዝግጁ ነን? አለ። ቶርኪል በጭንቅላቱ ወደ ጭኑ አመለከተው። ልጄ ቆሞ አየ። የመኪናው ቁልፍ በእጁ ነው።

"ተኝቷል" አለ ቶርኪል።

ኤስበን እኔን አየኝ። ማማሰያውን ይዤ ቆሜያለሁ። በዚህ አገር የተኛን ሕፃን የሚቀሰቅስ ሰው የለም። ኤስበን ቁልፉን ድምፅ እንዳያሰማ በሁለት ጣቱ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፣ ከዚያ ጃኬቱን አወለቀ። ገንፎውን ቆመን፣ በሹክሹክታ እያወራን በላን። አርሯል፣ ግን ማንም አልተናገረውም።

ኤስበን የድሮ ክፍሉ ሊተኛ ከወጣ በኋላ ሳህኖቹን ላጥብ ተነሣሁ። "ተይው" አለኝ ቶርኪል። "ትንሽ ተቀመጪ።"

ባዶው ወንበር በግራው በኩል ያለው ነበር። በቀኙ በኩል መደገፊያው ቆሟል። ተቀመጥኩ። ባሩድ አንድ ዓይኑን ገለጠ፣ እንዳልተነሣሁ አይቶ መልሶ ከደነው።

ከዚያ ቶርኪል፣ "ይሞቃል?" አለኝ።

ምኑ? አልኩት።

"ቡችላው። በዚህኛው እጄ ምንም አይሰማኝም። የሚሞቅ ይሁን የሚቀዘቅዝ አላውቅም። አንቺ ንገሪኝ።"

እጁን አየሁት። ጥፍሩ አድጓል፤ ቆዳው በጣቶቹ መሃል ደርቆ ነጥቷል። ሴፕቴምበር ላይ ኩባያውን የጣለው እጅ ነው። ሠርጋችን ላይ ቀለበት ያጠለቅኩበትም ጀልባ ላይ ስወጣ ስንቴ ስቦ ያወጣኝም እሱ ነው፤ ሌላ እጅ አልተተካም። እጄን ከሥሩ፣ በእጁና በባሩድ ጀርባ መሃል አስገባሁ። ከበደኝ። ከበታች የቡችላው ጎን ከፍ ዝቅ ይላል። እጄን አላንቀሳቀስኩም።

"ይሞቃል" አልኩት። "ሁለታችሁም ትሞቃላችሁ።"